የማደሪያው ጭስ

በቅሎዋ የቀሃን ወንዝ ተሻግራ ዳገቱን ስትጀምር እማዋይሽ ኮርቻው ላይ ሆና ትቆጣ ነበር።

«ቀስ በይ አንቺ! የተጫንሽው ሰው ነው፤ ሰሊጥ አይደለም!»

ከሳንጃ ጀምሮ አብረዋት የመጡት ሰሊጥ ነጋዶች ሳቁ። አሮጊቷ መንገዱን ሙሉ በቅሎዋን ስትመክር፣ በቅሎዋም ምክሩን በአንድ ጆሮዋ ሰምታ በሌላው ስታፈስ ነው ጎንደር የደረሱት። ግንቦት 1938 ዓመተ ምሕረት ነበር። ዝናቡ ገና ባይጥልም ሰማዩ በስተምዕራብ መጥቆር ጀምሯል።

ከሙስሊሞቹ ሰፈር ከአዲስ ዓለም በኩል አንዲት ሴት ሻሿን በአንድ እጇ እንደያዘች ቁልቁል ስትሮጥ መጣች። ዙበይዳ ናት። አርባን የዘለለች፣ የትልቅ ነጋዴ ዘር፣ ሰው ፊት መሮጥ ነውር ነው ተብላ ያደገች ሴት። ደርሳ ልጓሙን ያዘችና ግንባሯን የአሮጊቷ ጉልበት ላይ አሳረፈች።

«እትዬ እማዋይሽ! ደረስሽልኝ!»

«ምነው ልጄ? ምን ያስሮጥሻል? ቤት ተቃጠለ?»

«መቃጠሉንስ በማን ዕድሌ! ዛሬ እሳት ካልነደደበት ይፈርሳል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የዙበይዳ ቤተሰብ ርስት የሆነው የነጋድራስ ዑመር ማደሪያ ጎንደር የነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራ ቤት ነው። ከመተማ የመጣ፣ ከምጽዋ የወጣ፣ ከጎጃም የተሻገረ ሲራራ ነጋዴ ሁሉ ጭነቱን የሚያራግፈው እዚያ ነበር፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። አንዱ የሌላውን እርድ አይበላምና ቤቱ ከአዳራሹ ጀርባ ሁለት ምድጃ አለው። የግራው የሙስሊሙ፣ የቀኙ የክርስቲያኑ። ድስቱ ሁለት፣ ቢላዋው ሁለት፣ ወጥ ሠሪዋም ሁለት። አዳራሹ ግን አንድ ነው። ሰው በየወገኑ በልቶ እጁን ከታጠበ በኋላ መሐል ላይ ተገናኝቶ ስለ ጨው፣ ስለ ሽፍታና ስለ መንገድ ሲያወራ ያመሻል። እማዋይሽ በወጣትነቷ ገብታ ጸጉሯ እስኪሸብት ድረስ የቀኙ ምድጃ እመቤት ነበረች።

ጣሊያን ሲመጣ ቤቱ መጋዘን ሆነ፤ ድንጋዩም በሲሚንቶ ተለሰነ። ጎንደር ነጻ በምትወጣበት ሰሞን ደግሞ ከሰማይ የወረደ ቦምብ ጣሪያውንና የጓዳውን እኩሌታ ይዞት ወረደ። የዙበይዳ አባት በዚያው ወር ሞተ። ገና በልጅነቷ መተማ ተድራ የነበረችው ዙበይዳ ባሏ ሞቶባት ስትመለስ አባቷን ከመቃብር፣ ቤቱን ከፍርስራሽ አገኘችው። አዳራሹ ውስጥ የሚኖሩት ርግቦች ነበሩ። የዚያን ዕለት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አለቀሰችና ስትነሳ፣ «ይሄንን ቤት እንደነበረ ሳላቆመው አልሞትም» አለች። የሰማት ርግብ ብቻ ነበር፤ እሷ ግን በሰው ፊት እንደማለች ቆጠረችው።

አሁን ደግሞ ከከተማው ሹሞች ትእዛዝ ወጥቷል። ፍርስራሽ ሁሉ ክረምት ሳይገባ ተነሥቶ ድንጋዩ ለመንገድ ይሁን ተባለ። ዙበይዳ ደጅ ጠንታ፣ ለምና፣ ተቆጥታ አንድ ነገር አገኘች። ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም ወገን አንድ አንድ ሽማግሌ መጥተው ቤቱን ያዩታል። ምድጃው ነድዶ፣ እንግዳ ይበላበታል፣ ያድርበታል ብለው ከመሰከሩ ይተርፋል። ካልመሰከሩ በማግስቱ ዶማ ይገባበታል። የቀጠሮው ቀን ዛሬ ነው።

«የቀኙን ምድጃ ሌላ ሴት ብትለኩሰው ማን ክርስቲያን ያምነኛል?» አለች ዙበይዳ በቅሎዋን እየሳበች። «እማዋይሽ የለኮሰችው ሲባል ግን አፉን ይይዛል።»

«ይያዝ እንጂ!» አለች እማዋይሽ፤ በኩራት ኮርቻው ላይ ተስተካክላ ተቀመጠች።

ጠባቡን መንገድ ታጥፈው ቤቱ ፊት ለፊት ሲመጣ ግን ኩራቱም ወሬውም ጠፋ። እማዋይሽ ከበቅሎዋ ሳትወርድ ቀረች። በጣሊያን ጊዜ ከተማዋን ለቃ ወደ ሳንጃ ስትሄድ ያየችው ግራጫ የሲሚንቶ ሳጥን ነበር። አሁን ያ ሁሉ ተልጦ ወርዷል። ቡናማው ድንጋይ በየመደቡ ተደርድሮ፣ በበሩና በመስኮቶቹ ቅስት ዙሪያ ደግሞ ቀላ ያለው ድንጋይ እንደ ጥለት ዞሮ ቆሟል። የዋንዛው በር በቦታው ነው። በስተግራ ነጋዴ በቅሎ የሚጭንበት የድንጋይ ደረጃ፣ ከሱ በላይ የበቅሎ ገመድ ሲፈትገው ኖሮ የሰረጎደው የማሰሪያ ቀዳዳ፣ ሁሉም አለ። አሮጊቷ ጣቷን አፏ ላይ አደረገች።

«በስመ አብ!» አለች በመጨረሻ። «የሞተ ሰው ተነሥቶ ደጃፉ ላይ ቆሞ ያየሁ መሰለኝ።»

ይህን ያቆመው ሰው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ከጥፍሩ ሥር ኖራ በስንጥር ይፈለፍል ነበር። አያ ክንዴ ይባላል፤ ወገራ የተወለደ፣ እድሜውን ሙሉ ድንጋይ የገነባ፣ አፉ ኩሩ፣ ልቡ ለስላሳ ሰው። ሲሚንቶውን በመዶሻ ሳይሆን በመሮ፣ እንደ ቁስል ቅርፊት ቀስ አድርጎ ነው የላጠው። የወደቀውን ድንጋይ ሁሉ ሜዳ ላይ ዘርግቶ፣ እያገላበጠ አይቶ፣ ጸሐይ ሲመታው የኖረውን ፊቱን ወደ ጸሐይ፣ የጠቆረውን ወደ ጓዳ መለሰው። ኖራውን አስቃጥሎ በጉድጓድ ውኃ እያጠጣ ወራት አሰነበተው። «ሲሚንቶ ችኩል ነው፤ ኖራ ግን ከድንጋዩ ጋር ይኖራል» ይል ነበር ለጠየቀውም ላልጠየቀውም። የጓዳውን ግንብ ከጨረሰ በኋላም እርጥቡ ኖራ እንዳይሰነጠቅ ብሎ እስከዛሬ ምድጃው ላይ ክብሪት እንዲጫር አልፈቀደም።

«እትዬ፣ እንዴት አየሽው?» አላት።

«ሸጋ ነው፣ አያ ክንዴ። እጅህ ይባረክ። አንድም የተለወጠ ነገር አላይበትም።»

«ከራሴ አንድ ድንጋይ አልጨመርኩም» አለ ክንዴ። ይህን ሲል ግን ዙበይዳን አላያትም፤ እሷም ሻሿን ማስተካከል ጀመረች።

ሽማግሌዎቹ ረፋዱ ላይ መጡ። በስተፊት ግራዝማች ሐብተ ማርያም ነበሩ። አምስቱን ዓመት በአርማጭሆ በረሃ የከረሙ አርበኛ፣ የእግራቸውን ጥይት ይዘው የሚያነክሱ፣ ካኪ ኮታቸው ላይ ነጭ ጋቢ ደርበው ሳቅ ያልለመደው ፊታቸውን ወደ ላይ ያነሡ ሰው። ከጎናቸው ሼህ ሸሪፍ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ልባቸው ከጥምጥማቸው የነጣ የሚባልላቸው የአዲስ ዓለም ሰው፣ መቁጠሪያቸውን እያሽከረከሩ ይራመዳሉ። ከኋላ ከሹሞቹ የተላከው ዘበኛ፣ አለበል፣ ቆቡን ግንባሩ ድረስ ደፍቶ ይከተላል። ቃሉን ተቀብሎ የሚመለስ እሱ ነው።

«እንደምን አደራችሁ» አሉ ግራዝማች፤ ከዚያ ሌላ ቃል ሳይጨምሩ በሩን በከዘራቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉት።

ወደ አዳራሹ ገቡ። ከውጭ ጸሐይ ለመጣ ሰው ውስጡ ቀዝቃዛና ድንግዝግዝ ያለ ነው። ዓይን እስኪለምድ ሁሉም ቆሙ። ቀስ በቀስ ከላይ የእንቁላል ቅርፊት የመሰለው የኖራ ጣሪያ ታየ። ቦምቡ የበሳው የትኛው ጎን እንደሆነ ለማወቅ ግራዝማች አንገታቸውን ቢያዞሩ ቢያዞሩ አላገኙትም። ሼህ ሸሪፍ አሮጌውን የወይራ ምሰሶ ዳሰሱ። ነጋዴ ሁሉ እየተደገፈው ለብዙ ዘመን በትከሻው የወለወለው ቦታ ላይ እጃቸው አንሸራተተ።

«ሱብሓነላህ!» አሉ በለሆሳስ። «አባቴ እዚህ ተደግፎ ሲያወራ አይቻለሁ።»

ግራዝማች ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ተከሉ። «ጎረቤት ሁሉ ቆርቆሮ ሲያለብስ ይሄን ያህል መልፋት… መቼም!» አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። ዙበይዳ ደስታዋ ፊቷ ላይ እንዳይፈስ ከንፈሯን ነከሰች።

«ሁሉም እንደነበረ ነው ትላላችሁ?» ጠየቁ ግራዝማች።

«ከራሴ አንድ ድንጋይ አልጨመርኩም» አለ ክንዴ ዳግመኛ። አሁን ድምፁ ከቅድሙ ቀጠን ብሏል።

«እንግዲያው ምድጃው ይንደድ።»

በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም የለም። ሌሊቱን ሁለት በግ ታርዷል። አንዱን የሙስሊም ወገን ቢስሚላህ ብሎ፣ ሌላውን የክርስቲያን ወገን በሥላሴ ስም። ሁለቱ ድስት ተጥዷል። በቀኙ እማዋይሽ ተንበረከከች፣ በግራው ዙበይዳ ራሷ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እሳቱን ለኮሱት።

ችቦው ተያያዘ፤ ፍልጡም ጨስ ጨስ ማለት ጀመረ። ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ደህና መሰለ። ከዚያ ጭሱ ወደ ላይ እንደ መውጣት አንዴ ቆም አለ፣ ተመለሰ፣ ከሁለቱም ምድጃ አፍ ተንደርድሮ ወጣና ጓዳውን ሞላው። ከጓዳው ወደ አዳራሹ ገባ። ሼህ ሸሪፍ በጥምጥማቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። ግራዝማች፣ የበረሃው ግራዝማች፣ ዓይናቸው እንባ እያወረደ በከዘራቸው መንገድ እየፈለጉ ወደ ደጅ ወጡ። ዘበኛው አለበል ቀድሟቸው ወጥቶ ነበር።

እማዋይሽ ፍልጡን እየጎተተች አውጥታ ውኃ ከለበሰችበት። ሁለቱም ምድጃ ተንጫጭቶ ጠፋ።

ዙበይዳ መሐል ላይ ቆማ ቀረች። ጥቀርሻ ፊቷን ለቅልቋታል። በሕልሟም ሆነ በእውኗ ስታየው የኖረችው ቀን ይኸው ነው። ቤቱ ቆሟል፤ እስትንፋሱ ግን አይወጣም። ነገ ዶማ ይመጣል።

ጭሱ ሲቀል ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን እያሹ ተመለሱ።

«ክንዴ» አሉ ግራዝማች። «ይሄ ቤት ዱሮም እንዲህ ነበር? አባቶቻችን እየታፈኑ ነው የበሉት?»

ክንዴ መሮውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀያይራል። ሰውየው ክህነት ባይኖረውም ድንጋይ ላይ ዋሽቶ አያውቅም፤ ዛሬ ግን ደጋግሞ ዋሽቷል። ያ ከጭሱ በላይ አፍኖት ነበር።

«ዋሽቻለሁ፣ ግራዝማች» አለ። «አንድ ግድግዳ ጨምሬያለሁ።»

«የት?»

«ጭስ ማውጫው ውስጥ። ፍርስራሹን ስንጠርግ ያገኘነው አንድ ማውጫ ነው። ሁለቱ ምድጃ ከአፋቸው ትንሽ ከፍ ብሎ ይገናኛሉ፤ ከዚያ ወዲያ ጭሱ አንድ ነው። እኔ ነኝ መሐሉን ከላይ እስከ ታች በግንብ የከፈልኩት። በጨለማ፣ በዳሰሳ። ለሁለት ስከፍለው ለየብቻው ጠበበና ታፈነ።»

ግራዝማች ሼህ ሸሪፍን አዩ፤ ሼህ ሸሪፍ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። የሁለቱም አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት በዚህ ቤት ሥጋ በልተዋል። የሁለቱ ሥጋ ጭስ ያን ሁሉ ዘመን አንድ ላይ ሲወጣ ኖሯል ማለት ነው።

«ለምን ከፈልከው?» አሉ ሼህ ሸሪፍ በዝግታ።

«ዙበይዳ ቅር ይላታል ብዬ። እስላም ናት፤ የክርስቲያን ጭስ ከድስቷ ጋር ተቀላቀለ ብትል አልፈርድባትም። ‹መሐሉ ላይ ግድግዳ የነበረ ይመስላል› አልኳት። እሷም ‹ይመስላል› አለችኝ።»

ዙበይዳ ፊቷን በሻሿ ጫፍ ጠረገች፤ ጥቀርሻው ይበልጥ ተስፋፋ።

«ወላሂ፣ አያ ክንዴ» አለች፣ «እኔ አንተ ቅር ይልሃል ብዬ ነው። ግድግዳ እንዳልነበረ በዓይኔ አይቻለሁ። ሥራውን ጥሎብኝ ይሄዳል ብዬ ፈራሁ።»

ሁለቱ ተያዩ። አንዱ ሌላውን እንዳያስቀይም ብለው በጋራ የቤቱን ጉሮሮ ሲያንቁት ከረሙ። በሌላ ቀን ቢሆን ያስቃቸው ነበር።

«ታዲያ ይሄን ለሕዝቡ ምን ብዬ ነው የምነግረው?» አሉ ግራዝማች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ጎንደሬ ጭሱ አንድ ነው ሲባል ሰምቶ ይበላል? ተዉት፣ ቢቀር ይሻላል!»

«ምነው ግራዝማች!» አለች ከምድጃው በኩል እማዋይሽ። ተንበርክካ እንዳለች ነበረች። «አሁን ነው ይሄን የሰማችሁት?»

ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«እናንተ ልጆች ሳላችሁ እኔ አውቃለሁ። ክረምት ሲገባ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ነጋዴ ሲጠፋ፣ ማውጫውን የምንጠርገው እኔና ሸምሲያ ነበርን። ሼህ ሸሪፍ፣ እናትህን ነው የምልህ። የግራው ምድጃ የእሷ አልነበረም?»

«የእሷ ነበር» አሉ ሼህ ሸሪፍ።

«እሷ ቀጭን ነበረች፤ እኔ እንደምታዩኝ ነኝ። ትከሻዬ ላይ ቆማ በመጥረጊያ ስትጠርግ ጥቀርሻው ፊቴ ላይ ይወርድ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን በኔ ምድጃ ገብታ በሷ ምድጃ ወጣች! ሁለታችንም መሬት ላይ ተጋድመን እንባ እስኪያንቀን ሳቅን።»

«ለምን አልተናገራችሁም?» አሉ ግራዝማች።

«ማን ጠየቀን? ወንድ በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ተመስገን ብሎ ይሄዳል። አንገቱን ቀልሶ ምድጃ ውስጥ ያየ አንድ ወንድ አላየሁም። ድስታችን ለየብቻው ነበር፣ ቢላዋችን ለየብቻው ነበር። በዚያ አንድም ቀን አልቀለድንም። ጭሱን ግን የሠራው ሰው ነው አንድ ያደረገው፤ እኛ ምን ቤት ነን?»

ሼህ ሸሪፍ ወደ ግራው ምድጃ ሄዱ። እናታቸው ስትንበረከክበት የኖረችበትን ድንጋይ፣ ጉልበቷ ያለሰለሰውን፣ ቆመው አዩት። ሴትዮዋ ከሞተች ብዙ ዓመት ሆኗል፤ ሼሁ ስለ እናታቸው የማያውቁት ነገር ይኖራል ብለው አስበው አያውቁም ነበር።

«ግራዝማች» አሉ ፊታቸውን ሳይመልሱ። «ጭስ ሥጋ አይደለም። አባቶቼ የሰገዱት ሶላት፣ ያንተም አባቶች የጾሙት ጾም በዚህ ጭስ ከጎደለ ጎድሏል። ካልጎደለ አልጎደለም። እኔ ከእነሱ እበልጣለሁ ብዬ ለመናገር አልደፍርም።»

ግራዝማች ከዘራቸውን ተደግፈው ቆዩ። ዙበይዳ የሰውየውን ከንፈር ነው የምታየው። የቤቱ ሕይወት እዚያ ላይ ነበር። ሰውየው በረሃ ሳሉ ብዙ ፈርደዋል፤ እንዲህ የከበዳቸው ፍርድ ግን አልነበረም።

«ክንዴ» አሉ በመጨረሻ። «ግንቡ የእኛ ውሸት ነው። አውርደው።»

ክንዴ ሁለተኛ እስኪነገረው አልጠበቀም። መሮና መዶሻውን ይዞ በርብራቡ ላይ እንደ ጎረምሳ ወጣ። ከጣሪያው «ራቁ!» የሚል ድምፁ በጭስ ማውጫው ወርዶ ከሁለቱም ምድጃ አፍ ተሰማ። ከዚያ መዶሻው መምታት ጀመረ። ገና ያልጠነከረው ኖራ ብዙ አላስቸገረም። ድንጋይ ከድንጋይ ጋር እየተላተመ ወረደ፤ አመድና ጥቀርሻ ተነሣ። እያንዳንዱ ድንጋይ ሲወድቅ ዙበይዳ ትከሻዋን ትሰበስባለች። ያ ድንጋይ የወራት ድካሟ ነው፤ ግን ሲወርድ ቀለላት።

መዶሻው ቆመ። አቧራው ቀስ እያለ ረጋ። ከሁለቱም ምድጃ ውስጥ ብርሃን ወለሉ ላይ ወረደ።

ሼህ ሸሪፍ ጥምጥማቸውን አውልቀው ለዙበይዳ ሰጡና ተንበርክከው አንገታቸውን በግራው ምድጃ አስገቡ። ሳይወጡ ቆዩ። ዙበይዳ ፈራች።

«ሼህ፣ ምነው? ምን ሆኑ?»

«ግራዝማች» አለ ከድንጋዩ ውስጥ የታፈነ ድምፅ። «ናና እይ። ልንገርህ አልልም፣ በራስህ ዓይን እይ።»

ግራዝማች እያነከሱ ቀረቡ፣ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ፣ የቆሰለ እግራቸውን ዘርግተው በቀኙ ምድጃ ገቡ። ቀና አሉ። መጀመሪያ ያዩት ሰማይ አልነበረም። ሁለቱ ጉሮሮ በሚገናኝበት ቦታ፣ ከፊት ለፊታቸው፣ የሼህ ሸሪፍን ጥቀርሻ የለበሰ ፊት አዩ። ሼሁም እሳቸውን አዩ። ሁለት ሽማግሌ፣ እያንዳንዳቸው በየወገናቸው ምድጃ ተንበርክከው፣ አንዱ ከሌላው ክንድ ሳይርቅ ተያዩ። ከዚያ አንድ ላይ ቀና አሉ።

ማውጫው ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል። ድንጋዩ ተጠርቦ ከመገጣጠሙ የተነሣ ቢላዋ የሚያስገባ ክፍተት የለውም። አንዱ ረድፍ ቡናማ፣ አንዱ ረድፍ ቀይ፣ እንዲህ እየተፈራረቀ ይወጣል። የወደቀው ግንብ የዘመናት ጥቀርሻ ይዞ ስለወረደ፣ ወገቡ ላይ ዙሪያውን የተቀረጸ ነገር ተገልጧል። እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ የድንጋይ ጥልፍ ነው፤ ፈትሉ እርስ በርሱ እየተላለፈ መጀመሪያና መጨረሻው ሳይታወቅ ይዞራል። ከሱ በላይ ለአራቱ ነፋስ የተከፈቱ አራት መስኮቶች፣ ከነሱ በላይ የግንቦት ሰማይ። ያ ግንበኛ፣ ስሙን ማንም የማያውቀው፣ ጭስ ብቻ በሚያልፍበት ቦታ ላይ፣ ለማንም ዓይን ሳይል፣ ያን የመሰለ ነገር ቀርጾ ሄዷል።

ግራዝማች አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ጥቀርሻ ገባባቸውና ተዉት።

ሲወጡ ሁለቱም ጠቁረዋል፤ ሁለቱም ዓይናቸው ቀልቷል። የጭሱ ነው ብለው የሚያመካኙት ጭስ ግን ያን ጊዜ አልነበረም። እማዋይሽ ግራ ተጋብታ ታያቸዋለች።

«ምንድን ነው? ምን አያችሁ?»

«የተጎነጎነ ሐረግ» አሉ ሼህ ሸሪፍ።

አሮጊቷ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ሸምሲያ ነግራኝ ነበር» አለች። «‹ላይ ላይ ሹሩባ አለ፣ የንግሥት ሹሩባ የመሰለ› ትለኝ ነበር ትከሻዬ ላይ ቆማ። እኔ እዚያ አልደርስ። ታሾፍብኛለች ብዬ አንድም ቀን አላመንኳት።»

ዙበይዳና ሼህ ሸሪፍ በግራና በቀኝ ክንዷን ይዘው አስገቧት። አንገቷን ቀልሳ ወደ ላይ አየች። ከዚያ፣ ለሌላ ሰው ሳይሆን ለራሷ፣ «እውነቷን ነው ለካ» ስትል ሰሟት።

እሳቱ እንደገና ተለኮሰ። በቀኙ እማዋይሽ፣ በግራው ዙበይዳ። ዙበይዳ የጫረችው የመጀመሪያው ክብሪት ተሰበረ። ችቦው ተያያዘ። ጭሱ ወደ ውጭ ሊያዘነብል ትንሽ ተንከራተተ፤ ወዲያው ከላይ የሆነ ነገር የሳበው ይመስል ቀጥ ብሎ ወጣ። የአንዱ ምድጃ ሙቀት የሌላውን እየጎተተ፣ የሌላው የመጀመሪያውን እየጎተተ፣ ማውጫው ማጓራት ጀመረ። እማዋይሽ የለመደችው ድምፅ ነው። ሌሎቹ ግን ወደኋላ ሸሹ። ቤቱ ለረጅም ዘመን ይዞት የኖረውን አየር በአንድ ጊዜ የተነፈሰ ያህል ነበር። ጓዳው ውስጥ አንዲት ቅንጣት ጭስ አልቀረችም።

ክንዴ ከጣሪያው ላይ ይጮኻል። ምን እንደሚል አይለይም፤ የደስታ መሆኑ ብቻ ይታወቃል።

ዙበይዳ ወደ ደጅ ወጣች። መንገዱ ላይ ሰው ቆሟል። አህያ የሚነዳው አህያውን ትቶ፣ ከገበያ የሚመለሱት ሴቶች ዘንቢላቸውን መሬት አኑረው ወደ ላይ ያያሉ። ከነጋድራስ ዑመር ማደሪያ አናት ጭስ፣ አንድ ወፍራም ነጭ ጭስ፣ ወደ ቤተ መንግሥቱ ግንብ አቅጣጫ ይሄዳል። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ «አሁን ገና ጎንደር ነጻ ወጣች» አለ። ዙበይዳ መጫኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠች፤ ማንም ሰው ያለ አይመስላትምና ጮክ ብላ አለቀሰች። አባቷ ቢያይ ስትል፣ ወዲያውም አልሐምዱሊላህ ስትል፣ ሁለቱ ተደበላለቁባት።

ግራዝማች ጥቀርሻቸውን ሳይጠርጉ በሩ ላይ ቆመው ዘበኛውን ጠሩት።

«አለበል! ሂድና ንገር። እኔ ግራዝማች ሐብተ ማርያም፣ ሼህ ሸሪፍም፣ ዛሬ ምሳችንን እዚህ እንበላለን፣ እናድራለንም በል። ይሄ ቤት ሰው አለበት።»

«እሺ ጌታዬ» አለ አለበል። «እንዴት እናምናለን ቢሉኝስ?»

«ካሉበት ሆነው ቀና ይበሉ።»

አለበል እሺ ብሎ ዞረ። ግን ጥቂት ሳይሄድ ቆመ፣ ግንባሩ ላይ የደፋውን ቆብ አወለቀና፣ መልእክቱን ረስቶ፣ ራሱ ቀና አለ።